ቋንቋው አማርኛ፣ ሰዓቱ የባዕድ፦ በጤና ሶፍትዌሮች የቋንቋና የአገር ቅንብር ላይ የቀረበ ሂስ

ለጤና ተቋም የቀረበ ሶፍትዌር ሲገመገም ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «አማርኛ ይችላል ወይ?» የሚል ነው። አቅራቢውም ለዚህ ተዘጋጅቶ ስለሚመጣ በገጹ ጥግ የምትገኘውን የቋንቋ ምልክት ይጫናል፤ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ይጠፋና «ታካሚ»፣ «ቀጠሮ»፣ «የትውልድ ቀን» የሚሉ ቃላት በግዕዝ ፊደል ተጽፈው ብቅ ይላሉ። ተሰብሳቢው ይረካል፤ ቃለ ጉባኤውም ሶፍትዌሩ ከአገሪቱ ሁኔታ ጋር የተጣጣመ መሆኑን መዝግቦ ይዘጋል። ይሁን እንጂ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የተለወጠው ቃሉ ብቻ ነው። «የትውልድ ቀን» ከሚለው ጽሑፍ ፊት ለፊት ባለው ባዶ ቦታ የሚገባው ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደሚነበብ የጠየቀ የለም።

ጥያቄው አለመነሣቱ የሚያስከትለውን ለማየት አንድ ቀላል ምሳሌ ይበቃል። አንዲት እናት ልጇ ጥቅምት 30 ቀን 2013 ዓ.ም. መወለዱን ትናገራለች እንበል። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ የሰማችውን 30/02/2013 ብላ ታስገባለች። ሶፍትዌሩ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ብቻ የሚሠራ ከሆነ ይህን የሚያነበው «ፌብሩዋሪ 30» ብሎ ነው፤ እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ የለም። ጠንቃቃ የሆነ ሶፍትዌር ቀኑን አልቀበልም ይላል። ሠራተኛዋም ሰልፉ ስለሚጠብቃት ቁጥሩን ወደ 28 ዝቅ አድርጋ ታልፈዋለች። ጥንቃቄ የጎደለው ሶፍትዌር ግን ትርፍ የሆኑትን ሁለት ቀናት ወደፊት ገፍቶ ማርች 2 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ብሎ ይመዘግባል። ብዙ የድረ ገጽ መርሐ ግብሮች የሚጻፉበት ጃቫ ስክሪፕት የተባለው ቋንቋ ወሩና ቀኑ በየቁጥራቸው ሲሰጡት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ትክክለኛው ቀን ኖቬምበር 9 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ነበር። በሁለቱም መንገድ ሕፃኑ በሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያህል አርጅቷል።

ይህ ሕፃን ዘጠኝ ወር ሞልቶት ለኩፍኝ ክትባት ሲመጣ በመዝገቡ ላይ የስምንት ዓመት ልጅ ነው። የክትባት ተጠባባቂዎች ዝርዝር ውስጥ ስሙ አይወጣም። ክብደቱ ከዕድሜው ጋር ሲነጻጸር ሶፍትዌሩ ወይ ከሠንጠረዡ ውጭ ነው ይላል፣ ወይ እጅግ የከፋ የምግብ እጥረት ምልክት ያበራል። እርግጥ ሕፃኑን በእጇ የያዘች ነርስ በዚህ አትታለልም። ስሕተቱ የሚጎዳው ሕፃኑን ማየት የማይችለውን ነው፤ የወረዳው ሪፖርት አጠናቃሪ፣ የክልሉ ዕቅድ ክፍል፣ የክትባት ሽፋን የሚያሰላው ባለሙያ የሚያዩት ቁጥሩን ብቻ ነውና።

የጤና ባለሙያው ሶፍትዌርን በፊደሉ መመዘን የለመደው ያለ ምክንያት አይደለም። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ የኢትዮጵያን ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ከማካተቱ በፊት እያንዳንዱ የግዕዝ መጻፊያ የራሱ ስውር ኮድ ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆን ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽ አካትቶ ሲመጣ እንኳ በብዙ ቢሮዎች ያሉ አሮጌ ኮምፒዩተሮች በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ይደረድሩ ነበር። ፊደሉ መታየቱ ራሱ እንደ ድል የተቆጠረበት ዘመን ስለነበረ ከዚያ ያለፈ ጥያቄ ለመጠየቅ ጊዜ አልተገኘም። ዛሬ ግን ፊደሉ በየስልኩ ላይ አለ። የቀረው ከፊደሉ ጀርባ ያለው ነው።

እያንዳንዱ ኮምፒዩተርና ስልክ ተጠቃሚው የመረጠውን ቋንቋና አገር አጣምሮ ይይዛል፤ በተለምዶ ሴቲንግ የሚባለው ቅንብር ማለት ነው። ከዚህ ጥምር ብዙ ነገር ይመነጫል፦ ቀን ሲጻፍ ወሩ ይቀድማል ወይስ ዕለቱ፣ ሳምንት በእሑድ ይጀምራል ወይስ በሰኞ፣ የአሥርዮሽ ምልክቱ ነጥብ ነው ወይስ ነጠላ ሰረዝ፣ ሙቀት በሴልሺየስ ይለካል ወይስ በፋራናይት። መሠረታዊው ስሕተት ሁለቱን እንደ አንድ ነገር መቁጠር ነው። ሙያዋን በእንግሊዝኛ የተማረች ኢትዮጵያዊት ሐኪም በእንግሊዝኛ ማንበብ ብትመርጥ የሚያስወቅሳት ነገር የለም። እንግሊዝኛን ስትመርጥ ግን ኮምፒዩተሩ ብዙውን ጊዜ የአሜሪካን እንግሊዝኛ ይሰጣታል፤ ከእርሱም ጋር ወር የሚቀድምበትን የቀን አጻጻፍ፣ በእሑድ የሚጀምረውን ሳምንት፣ አንዳንዴም ፋራናይቱን ይዞ ይመጣል። ቋንቋ መርጣ ነበር፤ የተሰጣት ግን አገር ነው።

ወር የሚቀድምበት አጻጻፍ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ጋር ሲገናኝ የሚሆነውን ማየት ይጠቅማል። ጳጉሜን 3 ቀን 2012 ዓ.ም. በቁጥር ሲጻፍ 03/13/2012 ነው። ዕለት የሚቀድምበት ሶፍትዌር አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ይመልሰዋል፤ በመመለሱም ቢያንስ ስሕተት መኖሩን ያሳውቃል። የአሜሪካ ቅንብር ያለው ግን ያለ አንዳች ተቃውሞ «ማርች 13» ብሎ ይቀበለዋል። የኢትዮጵያ መለያ የሆነችው አሥራ ሦስተኛ ወር ሳትታወቅ ታልፋለች፤ ቀኑም ስምንት ዓመት ተኩል ያህል ወደኋላ ይሄዳል።

የዩኒኮድ ጥምረት ለየቋንቋውና ለየአገሩ የሚስማሙ የቀንና የሰዓት አጻጻፎችን አሰባስቦ የሚያቀርበው የመረጃ ክምችት የዛሬዎቹ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ የሚመሩበት ነው። በዚህ ክምችት ለኢትዮጵያ በመጀመሪያ ደረጃ የተቀመጠው አቆጣጠር ጎርጎርዮሳዊው ነው፤ የኢትዮጵያው በሁለተኛነት ይከተላል። ስለዚህ አንድ መርሐ ግብር አድራጊ ምንም ሳያጠፋ፣ ደንቡን ሁሉ ተከትሎ፣ ለአማርኛ ተጠቃሚ የባዕድ አቆጣጠር ሊያቀርብ ይችላል። ወሮቹ «ጃንዩወሪ»፣ «ፌብሩወሪ» ተብለው በግዕዝ ፊደል ስለሚጻፉ ደግሞ ሥራው የተሟላ ይመስላል።

ከቀኑ ይልቅ አሳሳቢው ሰዓቱ ነው። በዚሁ ክምችት ለአማርኛ የዕለቱ ሁለት እኩሌታዎች «ጥዋት» እና «ከሰዓት» ተብለው ተሰይመዋል። ቃላቱ ትክክለኛ አማርኛ ናቸው። ቁጥሩ ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ የሚቆጠረው ነው። በየ12 ሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒት ያለበት ታካሚ በእንግሊዝኛው አቆጣጠር በጠዋቱና በምሽቱ 8 ሰዓት እንዲወስድ ታዝዞለት የማስታወሻ መልእክት በስልኩ ይደርሰዋል እንበል። መልእክቱ በአማርኛ ሲተረጎም «8:00 ጥዋት» እና «8:00 ከሰዓት» ይላል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥዋት 8 ሰዓት የሚባል ነገር ስለሌለ ታካሚው የመጀመሪያውን በግምት ያርመዋል፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይውጠዋል። ሁለተኛው ግን ለማረም ምክንያት አይሰጥም። ከሰዓት 8 ሰዓት ማለት ምሳ ተበልቶ ጥቂት ቆይቶ ያለው ጊዜ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል። እንዲህ ሆኖ በ12 ሰዓት ልዩነት መወሰድ የነበረበት መድኃኒት በ6 እና በ18 ሰዓት ልዩነት ይወሰዳል። ታካሚው ትእዛዙን አክብሯል፣ ሐኪሙም በትክክል አዟል፣ ተርጓሚውም ቃል አላሳተም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። መልእክቱ በእንግሊዝኛ ቢቀር ኖሮ አደጋው ያነሰ ይሆን ነበር። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሰዓት ሲያይ ስድስት ቀንሶ ወይም ደምሮ ማንበብን ኢትዮጵያዊ አንባቢ ለምዶታል፤ የባዕዱ ፊደል ራሱ «መንዝረህ አንብብ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ትርጉሙ ያንን ማስጠንቀቂያ አነሣው፤ ቁጥሩን ግን ባለበት ተወው። ግማሽ ትርጉም ከትርጉም አልባነት የባሰ የሚሆንበት ሁኔታ ቢኖር ይህ ነው። እንግሊዝኛ ሆኖ ቀኑንና ሰዓቱን በትክክል የሚይዝ ሶፍትዌርና አማርኛ ሆኖ ሰዓቱን የሚያሳስት ሶፍትዌር ለምርጫ ቢቀርቡ፣ ለወገን ቋንቋ ያለው ፍቅር እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ወደ ታካሚ ሊደርስ የሚገባው የመጀመሪያው ነው።

የሰዓቱ ጉዳይ ከመድኃኒት አያልቅም። ሰኞ ማታ ምጥ የያዛት እናት «ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ወለደች» ሲባል ቤተሰቡ ልደቱን የሰኞ ሌሊት ይለዋል፤ ሶፍትዌሩ ግን ማክሰኞ ከባተ ሁለት ሰዓት ሆኖታል ይላል። በተወለደ በመጀመሪያው ቀን የሞተ ጨቅላ በየትኛው ዕለት እንደሚቆጠር በዚህ ይወሰናል። በወሊድ ክፍል መዝገብ ላይ 8:00 ተብሎ ብቻ የተጻፈ ሰዓት አራት ንባብ አለው፦ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የቀን ወይም የሌሊት፣ በአውሮፓው የጠዋት ወይም የማታ። በዚህ ረገድ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ብቻ አይደለም፤ በወረቀቱም ዘመን ሰዓቱን በየትኛው አቆጣጠር እንደጻፈ የማይገልጽ ባለሙያ ነበረ፣ አሁንም አለ። ወረቀት ግን ሰዓትን አስልቶ የመድኃኒት ማስታወሻ አይልክም።

ሳምንትም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና አደጋዎች ቅኝት ሳምንታዊ ሪፖርት ከሰኞ እስከ እሑድ ያለውን ይሸፍናል፤ በአሜሪካ የበሽታዎች ቅኝት ሳምንት ከእሑድ እስከ ቅዳሜ ነው። የአሜሪካ ቅንብር ባለው ኮምፒዩተር የተሠራ ግራፍ የእሑዱን ሕመምተኛ ወደሚቀጥለው ሳምንት ያሸጋግረዋል። ጥቂት ሰዎች በታመሙበት የወረርሽኝ መነሻ ላይ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

አንድ ሶፍትዌር፣ ብዙ መሣሪያ

የዛሬ የጤና ሶፍትዌር በአንድ ዓይነት መሣሪያ ላይ ብቻ አይሠራም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በአንድሮይድ ታብሌት ትመዘግባለች፤ ጤና ጣቢያው በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ያነበዋል፤ ማዕከላዊው አገልጋይ ደግሞ ሊኑክስ ነው። እነዚህ ሦስቱ ስለ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ያላቸው እውቀት እኩል አይደለም። አንድሮይድ ከሰባተኛ እትሙ፣ ማለትም ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ለመርሐ ግብር አድራጊዎች አቅርቧል፤ የአፕል ስልኮችም ያውቁታል። የማይክሮሶፍት ዶት ኔት የፋርሱን፣ የዕብራይስጡንና የታይላንዱን ሲያካትት የኢትዮጵያውን አላካተተም። ጃቫ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው አዲስ የቀን ሥርዓት የታይላንዱ፣ የጃፓኑ፣ የታይዋኑና የሂጅራው አሉ፤ የኢትዮጵያው የለም።

ውጤቱ የሚጠበቅ ነው። አድራጊው የጎደለውን ራሱ ይሠራል፤ በታብሌቱ ላይ አንድ ስሌት፣ በኮምፒዩተሩ ላይ ሌላ ስሌት ይኖራል። መስከረም 1 ቀን ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ቢውልም ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በ12 ይውላል፤ ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ነበር። ይህን የዘነጋ ስሌት ከአዲሱ ዓመት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ በአንድ ቀን ይስታል፤ ከዚያ በኋላ ራሱን አርሞ ሦስት ዓመት ያህል ይተኛል። የፈተና ጊዜው በሚያዝያ ከሆነ ስሕተቱን ማንም አያገኘውም።

የአገር ቅንብር የሰዓት ቀጣናንም ይጨምራል። ትውልድ ቀን ሰዓት የሌለው ነገር ነው፤ ብዙ ሶፍትዌሮች ግን ከእኩለ ሌሊት ሰዓት ጋር አያይዘው ያስቀምጡታል። አገልጋዩ በዓለም አቀፍ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ የኢትዮጵያ እኩለ ሌሊት ለእርሱ ያለፈው ቀን ምሽት ነው፤ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ይቀራልና። እንዲህም ሆኖ መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በሪፖርቱ ላይ ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ትወለዳለች። አንድ ቀን ብቻ ነው የሚል ይኖራል፤ በዓመት ለሚጠቃለል መረጃ ግን ዓመቷ ተለውጧል።

ኤክሴል የሚባለው ባልደረባ

መረጃው ከሶፍትዌሩ ወጥቶ ወደ ኤክሴል ሲገባ ደግሞ ሌላ እጅ ይነካዋል። በዕለት ቀዳሚነት የተጻፉ ቀኖች የአሜሪካ ቅንብር ባለው ኮምፒዩተር ሲከፈቱ ዕለቱ ከ12 ያልበለጠው ሁሉ ወርና ዕለቱ ተቀያይሮ ቀን ይሆናል፤ ከ12 በላይ የሆነው ደግሞ ሊነበብ ስለማይችል ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ከፊሉ የተገለበጠ ቀን፣ ከፊሉ ጽሑፍ ይሆናል። አጥኚው ጽሑፍ ሆኖ የቀረውን አይቶ እርሱን ብቻ ያስተካክላል፤ የተገለበጠው ግን ጤነኛ ስለሚመስል ያልፈዋል። የአማርኛው ስም በማይነበቡ ምልክቶች ተተክቶ ከተገኘም ፋይሉ ስለተበላሸ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ኤክሴል የፊደሉን ኮድ በአገሩ ቅንብር ገምቶ ስለከፈተው ነው።

ይህ የድሀ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስል የሥነ ዘረመል ተመራማሪዎችን ማስታወስ ይቻላል። አንዳንድ ጂኖች በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ስማቸው የማርች እና የሴፕቴምበርን ወሮች ስለሚመስሉ ኤክሴል ወደ ቀን ይለውጣቸው ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ጂኖም ባዮሎጂ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት የጂን ዝርዝር በኤክሴል ካያያዙ ጽሑፎች ውስጥ አንድ አምስተኛ ያህሉ ይህ ስሕተት እንደነበረባቸው አሳየ። በ2020 እ.ኤ.አ. የሰው ጂኖችን የሚሰይመው ኮሚቴ የጂኖቹን ስም ለወጠ። ሶፍትዌሩ ስሙን እንዲያከብር ከማድረግ ይልቅ የጂኑን ስም መለወጥ ቀለለ ማለት ነው። አውቶማቲኩን ለውጥ ማጥፋት የሚያስችል ምርጫ ኤክሴል ያቀረበው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው።

የላቦራቶሪ መሣሪያም ከተሠራበት አገር ቅንብሩን ይዞ ይመጣል። በጀርመን አጻጻፍ 4.500 ማለት አራት ሺህ አምስት መቶ ነው፤ በእንግሊዝኛው አራት ነጥብ አምስት። ለነጭ የደም ሕዋስ ቁጥር ሁለቱም እንደየመለኪያው ትርጉም የሚሰጡ በመሆናቸው ዓይን አይጎረብጣቸውም።

ፀሐይን መፈለግ

ስም ሌላው የአገር ቅንብር ነው፤ እንደ ቅንብር የሚያስበው ግን ጥቂት ነው። ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያዊው የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይሰጣል። የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚመዘገብ ዝርዝሩ በአያት ስም ቅደም ተከተል ይወጣል፤ በተራ ስትጠራ ማንም የማያውቃት ታካሚ የምትፈጠረው በዚህ ነው። እናትና ሕፃን በአንድ የቤተሰብ ስም ይገናኛሉ ብሎ የሚያስብ ሶፍትዌር እናትንና ልጅን በፍጹም አያገናኝም።

የአጻጻፉ ጉዳይ ይብሳል። ፀሐይ የሚለው ስም በሁለቱ «ፀ» እና በስድስቱ «ሀ» ድምፆች ሲባዛ በአሥራ ሁለት መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ አንባቢ ለሆነ ሰው ሁሉም አንድ ናቸው። ለኮምፒዩተሩ ግን አሥራ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ባለፈው ዓመት በ«ፀሐይ» የተመዘገበችው ታካሚ ዘንድሮ በ«ጸሃይ» ስትፈለግ አትገኝም፤ አዲስ ካርድ ይወጣላታል፤ ለፔኒሲሊን አለርጂ እንዳለባት የሚገልጸው ማስታወሻ በአሮጌው ካርድ ውስጥ ይቀራል። መፍትሔው ፊደላቱን አንድ አድርጎ መመዝገብ ነው የሚሉ አሉ። ይህ ተገቢ አይደለም፤ ሰው ስሙን እንደሚጽፈው የመጻፍ መብት አለው፤ በትግርኛም «ሀ»ና «ሐ»፣ «አ»ና «ዐ» በድምፅ የሚለያዩ ፊደላት ናቸው። መዝገቡ ስሙን እንደተሰጠው ይያዝ፤ ተመሳሳዮቹን አንድ አድርጎ የሚያየው ፍለጋው ይሁን፣ እርሱም እንደ ቋንቋው።

የአዋላጇ ስሌት

የአገሩ አቆጣጠር ሸክም ብቻ ተደርጎ መታየቱ ትክክል አለመሆኑን የእርግዝና ክትትል ያሳያል። ኢትዮጵያዊት አዋላጅ ነርስ የመውለጃ ቀንን ስታሰላ በመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ላይ ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ትጨምራለች፤ በመሃል ጳጉሜን ካለች አምስት ቀን፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት አራት ቀን ብቻ ትጨምራለች። ወሮቹ ሁሉ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ ይህ በትክክል 280 ቀን ነው። ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የወር አበባዋን ያየች ሴት ሐምሌ 22 ቀን ትጠበቃለች። ሦስት ወር ቀንሶ ሰባት ቀን መጨመር የሚለው የኔጌሌ ደንብ ለአውሮፓው አቆጣጠር የተበጀ ነው፤ በአውሮፓው ቀን ሲሠራ ከዚያው ዕለት አንድ ቀን ብቻ ያልፋል። ያንኑ ደንብ ያለ ለውጥ በኢትዮጵያ ቁጥሮች ላይ የሚጭን ሶፍትዌር ግን ሐምሌ 19 ይላል። ሦስት ቀን ብዙ ላይመስል ይችላል፤ ነገር ግን ነርሷ በጣቷ ቆጥራ ያገኘችው ኮምፒዩተሩ ካሰላው የተሻለ ሆኖ ሳለ እንድትተወው የምትታዘዘው እርሷ ናት።

መድኃኒቱና ዓለም አቀፉ ሪፖርት በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሚሄዱ የጤናው ዘርፍ ጨርሶ ወደዚያው ቢዞር ይቀላል የሚል ሐሳብ በተደጋጋሚ ይሰማል። ሐሳቡ ከባድ ምክንያት አለው። በ2018 ዓ.ም. ቤቱ ባለ ጠርሙስ ላይ «2024» የሚል የማብቂያ ጊዜ የሚያነብ ሰው መድኃኒቱ ገና ስድስት ዓመት እንደቀረው ሊያስብ ይችላል። ነገር ግን እናት የልጇን ልደት የምታውቀው በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ ከዚያ ወደ ኖቬምበር መመንዘር ግዴታ ከሆነ የሚመነዝረው ማን ነው? ሶፍትዌሩ ካልመነዘረ የሚመነዝረው በሰልፍ መካከል ያለው የካርድ ክፍል ሠራተኛ በራሱ ጭንቅላት ነው። ትክክለኛ ቀኑን የማያውቀውም አለ፤ «በመኸር ነው የተወለድኩት» የሚል ሽማግሌ ሙሉ ቀን ካላስገባ ገጹ አያልፍለትም። ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ የሄዱ ብዙ ስደተኞች በሰነዳቸው ላይ በአንድ ቀን፣ በጃንዋሪ 1፣ የተወለዱ ሆነው የሚገኙት በዚሁ ምክንያት ነው።

አርአያ የሚሆን ሥራ ግን አለ። ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመነጨውና የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ለሪፖርት የሚጠቀምበት ዲ.ኤች.አይ.ኤስ.2 አቆጣጠሩን ከቋንቋው ለይቶ አስቀምጧል፤ የኢትዮጵያው አቆጣጠር ለመላው ሥርዓት አንድ ጊዜ ይመረጣል፣ ተጠቃሚው ደግሞ ገጹን በፈለገው ቋንቋ ያነባል። ይህ ትክክለኛው አስተሳሰብ ነው። ኦፕን ኤም.አር.ኤስ. የተባለው የሕክምና መዝገብ ሦስተኛው ትውልድ ደግሞ አማርኛ ሲመረጥ የኢትዮጵያን አቆጣጠር በመነሻ ቅንብሩ ያመጣል፤ ሊመሰገን ይገባል። ይሁንና አቆጣጠሩ ከቋንቋው ጋር በታሰረ መጠን በእንግሊዝኛ የሚሠራው ሐኪምና በአማርኛ የሚሠራው መዝጋቢ አንዱን ታካሚ በሁለት ቀን ያዩታል። ኦሮምኛና ሶማሊኛ በላቲን ፊደል ቢጻፉም በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ከአማርኛው ጋር አንድ ነው። አቆጣጠር የቋንቋ ጠባይ ሳይሆን የአገር ልማድ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው የግምገማ ስብሰባ ላይ አቅራቢው የቋንቋውን ምልክት ከመጫኑ በፊት ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደች ሕፃን በታብሌቱ ላይ እንዲመዘግብ ቢጠየቅ መልካም ነው። ከዚያ ገጹን ወደ ኦሮምኛ፣ ቀጥሎም ወደ እንግሊዝኛ ይለውጥ፤ ቀኑ ይነቃነቅ እንደሆነ ይታይ። በኮምፒዩተሩ ላይ ይክፈተው፣ ወደ ኤክሴል ያውጣው፣ መልሶም ያስገባው። የማታ መድኃኒት ይዘዝላትና ለእናትየው ስልክ የሚላከው መልእክት በስብሰባው ፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ።